ወደ ናይሮቢ የመጀመሪያ ጉዞ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚበር አውሮፕላን የስምጥ ሸለቆን ሐይቆችና የቦረናን ሜዳ አቋርጦ ከሁለት ሰዓት ያህል በረራ በኋላ ናይሮቢ ያርፋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት ከ1,200 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ሁለቱም በከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር፣ ናይሮቢ ደግሞ በ1,800 ሜትር ግድም ላይ ይገኛሉ። የሁለቱም አየር ቀዝቀዝ ያለ ነው። ፀሐይም በሁለቱ ላይ የምትወጣው በተቀራረበ ጊዜ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ወደ ናይሮቢ የሚደረገውን ጉዞ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ድሬዳዋ እንደሚደረግ ጉዞ ቀላል አድርጎ ይገምተዋል። ወደ ለንደን ወይም ወደ ቤይጂንግ የሚሄድ መንገደኛ ወራት አስቀድሞ ሲጠይቅና ሲዘጋጅ፣ ናይሮቢ የሚሄደው ግን «ጎረቤት አገር አይደለም እንዴ!» ብሎ በመጨረሻው ሳምንት ሻንጣውን ያነሣል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሰው ፈጽሞ እንግዳ በሆነበት አገር ሁሉን ነገር በጥንቃቄ ይመለከታል፤ የራሱን አገር በሚመስል ቦታ ግን ይዘናጋል። የሚጎዱትም እነዚያው ጥቂቶቹ የማይመሳሰሉ ነገሮች ናቸው።

ናይሮቢ ከአዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት የምታንስ ከተማ ናት። ስሟ የተገኘው ከማሳይ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙም «ቀዝቃዛ ውሃ» ማለት ነው፤ ማሳዮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበትና የሚያጠጡበት ሜዳ ነበረና። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደብ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚዘረጉት የባቡር ሐዲድ በ1899 እ.ኤ.አ. ከዚህ ረግረጋማ ሜዳ ሲደርስ፣ ከፊቱ የሚጠብቀው ትልቅ ዳገት ስለነበረ መሐንዲሶቹ የዕቃ ማከማቻና የሠራተኞች ሰፈር በቦታው መሠረቱ። ድሬዳዋን ባቡር እንደ ወለዳት ሁሉ ናይሮቢንም የወለዳት ባቡር ነው ማለት ይቻላል። ሐዲዱን ለመሥራት ከሠላሳ ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ከህንድ መጥተው ነበር፤ ከእነርሱም 2,500 ያህሉ በበሽታና በአደጋ አልቀዋል። በ1905 እ.ኤ.አ. የቅኝ ግዛቱ መንግሥት መቀመጫውን ከሞምባሳ ወደ ናይሮቢ አዛወረ። ኬንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን ስትቀዳጅም ከተማዋ ርእሰ ከተማነቷን ይዛ ቀጠለች። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 4.4 ሚሊዮን ያህል ደርሷል።

ይህን ታሪክ ማወቅ ለመንገደኛው ተራ ዕውቀት አይደለም፤ ማረፊያውን ለመምረጥ ይጠቅመዋል። በቅኝ ግዛት ዘመን ከተማዋ በዘር የተከፈለች ነበረች። ከመሐል ከተማው በስተምዕራብ ያለው ከፍ ያለና በደን የተሸፈነ ስፍራ ለአውሮፓውያን ተከለለ፤ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ደግሞ ለአፍሪካውያን ሠራተኞች ተተወ። ሕጉ ከተሻረ ብዙ ዘመን ቢያልፍም የከተማዋ መልክ ግን አልተለወጠም። ዌስትላንድስ፣ ኪሊማኒና ካረን የሚባሉት የምዕራብ ሰፈሮች ዛፍ የበዛባቸውና ውድ ናቸው፤ የምሥራቁ ክፍል ሕዝብ የተጨናነቀበትና ኑሮው ርካሽ ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለው ኪቤራ በቆርቆሮ ቤቶች የተሞላ ሰፊ የድሆች መንደር ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሰፈሩበት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገሉ የሱዳን ወታደሮች ነበሩ። ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚገኙበትና ከሶማሌ ነጋዴዎች ጋር የሚነግዱበት ኢስትሊ ደግሞ ከመሐል ከተማው በስተምሥራቅ ነው። የናይሮቢ መንገዶች ጧትና ማታ በመኪና ስለሚታፈኑ አሥር ኪሎ ሜትር ለመሄድ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ርካሽ ነው ብሎ ከጉዳዩ ርቆ የሚያርፍ ሰው ያተረፈውን ገንዘብ በመጓጓዣ፣ ቀኑንም በመንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ጉዞው የሚደረግበትን ወር መምረጥም ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ እንደ ኢትዮጵያ ደጋ አንድ ረጅም ክረምት የላትም፤ ዝናቧ ሁለት ጊዜ ነው። ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መግቢያ ይጥላል። በሚያዝያ ወር ወንዞቿ ይሞላሉ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. የማታሬ ወንዝ ሞልቶ በዳርቻው የሰፈሩ ድሆችን ቤት ጠርጎ ሰው እስከ መግደል ደርሷል። በአንጻሩ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ በዝናብ ስትደበደብ ናይሮቢ ደረቅ ናት። ሰማዩ ግን በደመና ይሸፈናል፤ ጧትና ማታም ይበርዳል። በክረምት የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚሄድ ተማሪ እንግዲህ ጃንጥላውን ትቶ ሹራብ ቢይዝ ይሻለዋል።

ወሩ ከተመረጠ በኋላ ቀኑን መቁረጥ ይከተላል። ይህ ቀላል ቢመስልም ከሁሉ የበለጠ መሳሳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ብዙ ሰው ጁላይን ሐምሌ፣ ኦገስትን ነሐሴ እያለ መተርጎም ስለለመደ፣ ቲኬቱ ላይ ጁላይ 12 የሚለውን ሐምሌ 12 ብሎ ያነበዋል። እርግጡ ግን ጁላይ 12 ሐምሌ 5 ቀን ነው። በሐምሌ 12 ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ መንገደኛ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሳምንት ሆኖታል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ትወጣለች፤ ማታም በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ትጠልቃለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሆኑበት አገር ሰዓትን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ መቁጠር የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ፣ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች የሰዓት አቆጣጠር ከኢትዮጵያውያን አቆጣጠር ጋር አንድ ነው። ኢትዮጵያዊ ከጧቱ ሁለት ሰዓት የሚለውን እነርሱም «ሳአ ምቢሊ» ይሉታል፤ ሳአ ሰዓት፣ ምቢሊ ሁለት ማለት ነው። በዓለም ላይ ይህን አቆጣጠር የሚጋሩ ሕዝቦች ጥቂቶች ስለሆኑ ኢትዮጵያዊው ይህን ሲሰማ ቤቱ የገባ ያህል ደስ ይለዋል። ዳሩ ግን ያው ኬንያዊ በእንግሊዝኛ መናገር ሲጀምር ያንኑ ሰዓት ስምንት ብሎ ይጠራዋል። ኬንያዊ በሁለት ቋንቋዎች ሁለት ዓይነት አቆጣጠር ይዞ ያለ ምንም ችግር ይኖራል፤ ችግሩ የእንግዳው ነው። ስለሆነም ቀጠሮ የሚይዝ መንገደኛ የተነገረው ሰዓት በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ልብ ማለት፣ ከተጠራጠረም «ጧት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ቲኬት፣ የባቡርና የአውቶቡስ ሰሌዳ ግን ምንጊዜም በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋሉ። በቲኬት ላይ 08፡00 የሚለውን ስምንት ሰዓት ነው ብሎ ምሳውን በልቶ የሚነሣ ሰው ከአውሮፕላኑ በስድስት ሰዓት ይዘገያል።

ሰነዶችን በሚመለከት ፓስፖርት ዋናው ነው፤ የሚያገለግልበትም ጊዜ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው መሆን ይኖርበታል። ለአጭር ጊዜ ጉብኝት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ለብዙ ዓመታት ቪዛ ሳይጠየቅ ወደ ኬንያ ሲገባ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የመግቢያ ደንብ የሚለዋወጥ ነገር ነው። ኬንያም በ2024 እ.ኤ.አ. ለብዙ አገሮች መንገደኞች ፈቃድን አስቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የመጠየቅ ሥርዓት ጀምራለች። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት አዲስ አበባ የሚገኘውን የኬንያ ኤምባሲ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሰነድ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ነው። ኢትዮጵያም ኬንያም ይህ በሽታ ከሚያሠጋቸው አገሮች ስለሚቆጠሩ ወረቀቱ በሄዱበትም በተመለሱበትም ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ክትባቱ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ነገር ግን ወረቀቱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ለመዘጋጀት የሚነሣ መንገደኛ ገንዘብ ቢኖረውም እንኳ እነዚያን አሥር ቀናት ሊገዛቸው አይችልም።

በዚህ አጋጣሚ ሌላ ዓይነት መንገደኛም መታሰብ ይገባዋል። «ደቡብ አፍሪካ እናደርሳችኋለን» በሚሉ ደላሎች ተታልለው ያለ ፓስፖርት በሞያሌ በኩል የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ብዙዎች ናቸው። ናይሮቢ ለእነርሱ የመሸጋገሪያ ጣቢያ ናት። መስኮት በሌለው ክፍል ተጨናንቀው ደላላው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ፖሊስ ሲደርስባቸውም ለፍርድ ቀርበው ይታሠራሉ፤ ከዚያም ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ከተማዋ ውስጥ ለወራት ኖረው አንድም ጎዳናዋን ሳያዩ የሚወጡ አሉ።

የሻንጣውን ዝግጅት በተመለከተ አንድ ነገር ጎላ ብሎ መነገር አለበት። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለምዶ ፌስታል የሚባለውን የፕላስቲክ ከረጢት መሥራት፣ መሸጥና መያዝ በሕግ ከልክላለች፤ ቅጣቱም እስከ አራት ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እሥራት ይደርሳል። እናቶች ለልጆቻቸውና ለዘመዶቻቸው በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ጠቅልለው መላክ ስለለመዱ ይህ ሕግ ኢትዮጵያዊውን መንገደኛ ከሌላው ይበልጥ ይነካዋል። ስንቁ በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ቢያዝ ከጣጣ ይድናል። የኬንያ የኤሌክትሪክ መሰኪያም ሦስት ቀዳዳ ያለው የእንግሊዝ ዓይነት በመሆኑ ክብ ሁለት እግር ያለው የኢትዮጵያ ሶኬት አይገባበትም፤ ማቀያየሪያው አዲስ አበባ ውስጥ በየሱቁ ይገኛል።

የኬንያ ገንዘብ ሽልንግ ይባላል። ብር ይዞ ናይሮቢ የገባ ሰው የሚመነዝርለት ባንክ ማግኘት ይቸግረዋል፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ብር ይዞ ከአገር መውጣትም ክልክል ነው። ስለሆነም የውጭ ምንዛሪ በሕጋዊ መንገድ ከባንክ ወስዶ፣ የወሰደበትን ደረሰኝ መያዝና ናይሮቢ ሲደርሱ መመንዘር ደህናው መንገድ ነው። ከዚህ በኋላ እንግዳው የሚደነቅበት ነገር ይመጣል፤ ብዙ ኬንያዊ ጥሬ ገንዘብ አይዝም። ሳፋሪኮም የተባለው የስልክ ኩባንያ በ2007 እ.ኤ.አ. ኤም ፔሳ የተባለውን በስልክ ገንዘብ የመላኪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የሙዝ ቸርቻሪዋም፣ ጫማ ጠራጊውም፣ ትልቁም መደብር ሒሳብ የሚቀበሉት በስልክ ነው። ፔሳ በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። ይኸው አገልግሎት በ2023 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥም ሥራ ጀምሯል። ናይሮቢ የደረሰ መንገደኛ ፓስፖርቱን አሳይቶ የኬንያ የስልክ ቁጥር ካወጣ በዚህ መንገድ ሊጠቀም ይችላል፤ ብዙ ጥሬ ገንዘብ በኪሱ ይዞ ከመዘዋወርም ይድናል። በመሐል ከተማ ኪስ አውላቂ አይጠፋምና ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

መንገደኛው በጆሞ ኬንያታ ስም በተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ከሕንፃው እንደ ወጣ የሚጠብቀው አደጋ መንገድ መሻገር ነው። በኬንያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በግራ በኩል ነው። ኢትዮጵያም ራሷ እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በግራ ስትነዳ ከቆየች በኋላ ነው ወደ ቀኝ የዞረችው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ያደገ እግረኛ ከእግረኛ መንገዱ ሲወርድ ሳያስበው መጀመሪያ ወደ ግራው ይመለከታል፤ ለእርሱ ቅርብ የሆነው መኪና የሚመጣው ከዚያ ነውና። በናይሮቢ ግን ቅርቡ መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነው። እግረኛው ወደ ግራው አይቶ መንገዱ ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ አንድ እርምጃ ሲራመድ መኪናው ከቀኝ ይደርስበታል። ይህ የዕውቀት ጉድለት ሳይሆን የልማድ ኃይል ነው። ሰውየው ኬንያ በግራ እንደሚነዳ አሳምሮ ያውቃል፤ የሚረሳው አንገቱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻውን በችኮላ አለመሻገር፣ ሌሎች እግረኞች ሲሻገሩ ከእነርሱ ጋር መሻገርና ሁልጊዜ ሁለቱንም አቅጣጫ ደጋግሞ ማየት ነው። አውቶቡስ ሲጠብቁም እንዲሁ ነው፤ በለመደው ወገን ቆሞ የሚጠብቅ እንግዳ ወደ መሐል ከተማ የሚሄድ መስሎት ወደ ዳር ይወሰዳል።

የሕዝቡ መጓጓዣ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ነው። «ታቱ» በስዋሂሊ ሦስት ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣው በድሮ ጊዜ ተሳፋሪ የሚከፍለው ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ስለነበረ ነው ይባላል። ማታቱ ለዓይንም ለጆሮም ይበዛል፤ ጎኑ በሥዕል ያጌጠ ነው፤ ሙዚቃውም ከሩቅ ይሰማል። በ2004 እ.ኤ.አ. መንግሥት ጥብቅ ደንብ አውጥቶ ቢጫ መስመር እንዲቀቡ፣ የወንበር ቀበቶና የፍጥነት መገደቢያ እንዲኖራቸው አድርጓል። መሥመሮቹ በቁጥር ስለሚታወቁ እንግዳው የሚሄድበትን ቁጥር ማረፊያው ጠይቆ ቢወጣ ይቀለዋል። ዋጋው በዝናብ ጊዜና በሥራ መውጫ ሰዓት ስለሚንር ከመሳፈሩ በፊት ረዳቱን «ቤይ ጋኒ?» ይበል፤ «ዋጋው ስንት ነው?» ማለት ነው። ከዚህ ሌላ አሳንቴ (አመሰግናለሁ)፣ ሳማሃኒ (ይቅርታ)፣ ኩሊያ (ቀኝ)፣ ኩሾቶ (ግራ) የሚሉትን ቃላት ማወቅ ብዙ ይረዳል። በኬንያ እንግሊዝኛም ስዋሂሊም የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው፤ ቢሆንም በስዋሂሊ ሰላምታ የሚጀምር እንግዳ ሰዎች ፊታቸውን ያበሩለታል። ሱካሪ፣ ሳቡኒ፣ ቻይ የሚሉት ቃላት ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ትርጉም የሚያሻቸው አይደሉም።

ከተማዋን ለማየት አንድ ቀን ያለው ሰው በኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ አዳራሽ ቢጀምር መልካም ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ ባለ 28 ፎቅ ክብ ሕንፃ ከጣራው ላይ የከተማዋን አቀማመጥ ያሳያል። ከዚያ ወርዶ በእግር ብዙም ሳይርቅ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተሰየመው ጎዳና ይደርሳል። ይህ ጎዳና ከሞይ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ ነበረ፤ ነሐሴ 7 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በፈንጂ ሲመታ በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ በስፍራው የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት ጸጥ ያለ የመታሰቢያ አትክልት ቦታ አለ። በስተምዕራብ የሚገኘው ኡሁሩ ፓርክ፣ ማለትም የነጻነት መናፈሻ፣ ሣሩና ዛፉ ዛሬ የሚታየው በአንዲት ሴት ጽናት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. በቦታው 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ ዋንጋሪ ማታይ ተቃወመች፤ ተሰደበች፤ አልተመለሰችም፤ ሕንፃውም ቀረ። በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤልን የሰላም ሽልማት በማግኘት ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች።

የብሔራዊ ሙዚየሙን ግን በችኮላ ማየት አይገባም። በ1984 እ.ኤ.አ. ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ የተገኘው፣ ዕድሜው አንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት ያህል የሚገመተው «የቱርካና ልጅ» አፅም የዚህ ሙዚየም ሀብት ነው። ሉሲን በአዲስ አበባ ያየ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ታሪኩ ድንበር ተሻግሮ ሲቀጥል ያገኘዋል፤ የቱርካናን ሐይቅ የሚሞላውም ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የኦሞ ወንዝ ነው። ከመሐል ከተማ በስተደቡብ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚጀምረው በ1946 እ.ኤ.አ. የተከለለው ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ጎሽና ቀጭኔ ይኖሩበታል፤ ከሣሩ በስተጀርባም የከተማዋ ሕንፃዎች ይታያሉ። ዝሆን ግን የለበትም፤ ስፍራው ይጠበዋልና። ዝሆን ማየት የሚሻ ሰው እናቶቻቸው የሞቱባቸው ግልገሎች ወደሚያድጉበት በፓርኩ ዳር ወዳለው ማሳደጊያ መሄድ ይችላል፤ የጉብኝቱ ጊዜ አጭር ስለሆነ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ኡጋሊ ጠንከር ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ሱኩማ ዊኪ የሚባለው ደግሞ በዘይት የተጠበሰ ጎመን ሲሆን ትርጉሙ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ደመወዝ ሳይደርስ ገንዘብ ያለቀበት ሰው የሚበላው ነውና። ሁለቱ አንድ ላይ ለጾመኛ ይስማማሉ። ጾመኛ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከሻዩ ነው። በኬንያ ቻይ ሲባል ከወተት ጋር አብሮ የፈላ ማለት በመሆኑ፣ ወተት የሌለውን የሚፈልግ ሰው «ቻይ ያ ራንጊ» ብሎ ማዘዝ አለበት።

አውሮፕላን የሚወደድበት መንገደኛ በምድር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ለመድረስ ሁለት ቀን ቢመደብ ይበጃል። ከሞያሌ በማርሳቢት በኩል ወደ ኢሲዮሎ የሚወስደው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቀድሞ ጠጠርና አቧራ ነበር፤ ሽፍታም ይፈራበት ስለነበረ መኪኖች በአጀብ ይጓዙበት ነበር። አስፋልቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግን ጉዞው በእጅጉ አጥሯል። በ2020 እ.ኤ.አ. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የመረቁት የጋራ የድንበር ጣቢያም የሰነድ ምርመራውን በአንድ ስፍራ እንዲፈጸም አድርጎታል። መንገደኛው ፓስፖርቱን አስመትቶ፣ የክትባት ወረቀቱን አሳይቶ ከተሻገረ በኋላ የሚሳፈርበት አውቶቡስ በግራ በኩል ይነዳል። በረሃውን አልፎ፣ 5,199 ሜትር ከፍታ ካለው የኬንያ ተራራ ሥር ናንዩኪ ላይ የምድርን ወገብ ያቋርጣል። አውቶቡሶቹ ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን ተጉዘው ናይሮቢ የሚገቡት ጎሕ ሳይቀድ ነው። በዚያ ሰዓት የሚቀበለው ሰው የሌለው እንግዳ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ከጣቢያው ሳይወጣ፣ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ይቆያል።